ከምድር ጦር ወደ ባሕር ኃይል ያሻገረኝ የናፍጣ ሞተር

ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው መዛወር ይቻላል ወይ ለሚለኝ ወጣት ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ይቻላል፣ ነገር ግን የምትዛወረው አንተ ስለፈለግህ ሳይሆን ያኛው ወገን ስለፈለገህ ነው። ጋራዤ ያለበት የጎንደሩ አዘዞ የጦር ካምፕ ያለበት ሰፈር በመሆኑ ይህ ጥያቄ ከጋራዤ ደጃፍ ጠፍቶ አያውቅም።

እኔ የተዛወርሁት ከምድር ጦር ወደ ባሕር ኃይል ነው። ጎንደሬ ባሕረኛ ስል «ጣና ላይ ነው?» እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። በእርግጥም እስከዚያ ድረስ ያየሁት ትልቁ ውኃ ከጎርጎራ የሚታየው ጣና ነበር፤ ዋና እንኳን አልችልም። ለዝውውር ያበቃኝ ከወታደርነቴ በፊት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተማርሁት የናፍጣ ሞተር ጥገና ነው።

የገባሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም፣ በራሴ ፈቃድ ተመዘገብሁ። ቅጹ ላይ ሙያ በሚለው ቦታ «መካኒክ» ብዬ ጻፍሁ። ጠመንጃ ሰጥተው እግረኛ አደረጉኝ። ጽሑፉ ግን በግል ማኅደሬ ውስጥ ቀረ፤ ኋላ የሠራልኝም እሱ ነው። አሥመራ ስንመደብ ከባድ መኪና በተበላሸ ቁጥር እኔው ተጠሪ ሆንሁ። ባሕር ኃይል የናፍጣ መካኒክ እንደሚፈልግ የነገረኝ ከምጽዋ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር።

ማመልከቻዬን በዕዝ ሰንሰለቱ አስገባሁ። የሙያ ፈተናውንና የሕክምና ምርመራውን አለፍሁ፤ ከወዲያኛው ወገን የጥያቄ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ለካስ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ኖሯል። አዲሱ ክፍል እንዲፈልግህ ያደረገው ሙያ፣ ያለህበት ክፍልም እንዳይለቅህ ያደርገዋል። መኪና የማይጠግን ወታደር ብሆን ኖሮ አዛዤ በማግስቱ በሸኘኝ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ማን ይፈልገኛል? ደብዳቤው ክረምቱን በሙሉ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። በመጨረሻ የማይረባውን ልመና ትቼ፣ «የሚተካኝን ሰው ላሠልጥንና ልሂድ» አልሁ። ሁለት ልጆች መርጬ ሞተር ማውረድና መግጠም፣ የናፍጣ ፓምፕ ማስተካከል አስተማርኋቸው። መሸኛው የተፈረመው እነሱ ያለ እኔ አንድ መኪና አስነሥተው ካሳዩ በኋላ ነው።

ንብረት ርክክቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ጠመንጃዬንና የጥይት መያዣዬን አስረክቤ ልወጣ ስል፣ አይቼው የማላውቅ ብርድ ልብስ በስሜ ተመዝግቦ ተገኘ። አልወሰድሁም ብል የሚሰማኝ ጠፋ፤ ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ። ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሰው ብርድ ልብስ ሰርቆ ምን ያደርግበታል? እስካሁን ይገርመኛል።

ከአሥመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ መንገድ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥተህ እስከ ባሕር ጠለል ትወርዳለህ። ነፋሲት ላይ ካፖርቴን እንደ ለበስሁ ነበር፤ ጊንዳዕ ስንደርስ አወለቅሁት፤ ዶጋሊን ስናልፍ ሸሚዜም ከበደኝ።

ሞተሩን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የሄድሁት። እውነት ነው፣ ፒስተን የትም ፒስተን ነው። ልዩነቱ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። የመኪና ሞተር ውኃው በራዲያተር በኩል በነፋስ ይበርዳል። የመርከቡ ግን በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ንጹሕ ውኃ የሚያበርደው ከውጭ የሚሳበው የባሕር ውኃ ነው። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ በቱቦዎች ግድግዳ በኩል ሙቀት ይለዋወጣሉ። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ውስጥ የዚንክ ቁራጭ ይታሰራል፤ ዋናው ብረት እንዳይበላ እሱ ቀድሞ ይበላለታል። የመጀመሪያውን ዚንክ ፈትቼ ሳወጣ እንደ ተቆረጠመ ሆኖ አገኘሁትና ዕቃው ተበላሸ ብዬ ልጣራ ነበር። በዕድሜ የሚበልጠኝ ባሕረኛ ሳቅ ብሎ «ተበልቶ ከወጣ ሥራውን ሠርቷል፤ ሳይነካ ከወጣ ነው የምትደነግጠው» አለኝ።

ማዕረጌ አልተቀነሰም፤ አስር አለቃ ሆኜ ሄጄ አስር አለቃ ሆኜ ቀጠልሁ። ይሁንና ከእኔ በታች ያለው ልጅ ቦታውን ስለሚያውቅ አዛዡ የሚጠይቀው እሱን ነው። ደመወዜ ሳይነካ ቃሌ ብቻ ዝቅ አለ። ከዝውውሩ ሁሉ የከበደኝ ይኸው ነበር፤ ከሙቀቱም ከማዕበሉም በላይ። ጓደኞችህም አብረውህ አይዛወሩም።

የቀረውን አሳጥራለሁ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ እኔ አሰብ ነበርሁ። በ1983 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ተበተነ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከባችን ወደ የመን ሄዳ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔም መፍቻዬን ይዤ ጎንደር ገባሁ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ሲስማማ ሰፈሩ ሁሉ «አልጠሩህም ወይ?» እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ።

በቅርቡ ባጃጁን ሊያሠራ የመጣ የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ እግረኛ ሆኜ ልግባና ኋላ ወደ አየር ኃይል እዞራለሁ» አለኝ።

«አየር ኃይል ከፈለግህ ምልመላው ሲወጣ በቀጥታ ለምን አትመዘገብም? በእግረኛ በኩል መዞርህ ለምንድን ነው?»

«የእግረኛው ምዝገባ ቅርብ ነው ብለውኛል።»

«ሙያስ አለህ?»

«መንጃ ፈቃድ አለኝ።»

ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ወይም ብረታ ብረት እንዲማር፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ጦር ቢመዘገብ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ገና በመጀመሪያው ቀን ማኅደሩ ውስጥ እንዲያስገባ ነገርሁት። ንብረት ሲረከብም በስሙ የተጻፈውን አንድ በአንድ አንብቦ እንዲፈርም። በተለይ ብርድ ልብሱን።