እንጦጦ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ አራት ኪሎ ነው

ደስ ብሎኛል! የግቢያችንን ትንንሽ ቡናማ ወፎች መለየት ጀመርኩ። ለእናንተ ካልጎረርኩ ለማን ልጎርር?

ክረምት ላይ እንጦጦ የወጣቶች የወፍ ምልከታ ካምፕ ገብቼ ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጉም፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ትኩስ ሻይ። ወፎቹ ግን በጀማሪ አይጨክኑም። መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ቁራ ካያችሁ አለቀ። አረንጓዴዋ ላቭበርድም (ትንሽ በቀቀን ናት) አታስቸግርም፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ቀይ የላትም።

ጉዱ ያለው ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት የልብስ ማስጫችን ገመድ ላይ የሚሰለፉት ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ቡናማ። እናቴን ብትጠይቋት ሁሉም ድንቢጥ ናቸው። ዓይኔ እስኪደክም ቀለማቸውን ባይ ባይ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

መፍትሔው ቀለሙን ትቶ ፊታቸውን ማየት ሆነ። አዲስ አበባን የሞላችው ድንቢጥ፣ የስዌይንሰን ድንቢጥ የምትባለው፣ ጭንቅላቷ ልሙጥ ግራጫ ነው። ቅንድብ ብሎ ነገር የላትም። ስትበር ከጅራቷ ከፍ ብሎ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ቀለም ብልጭ ይላል። ብራውን ራምፕድ ሲድኢተር የምትባለው ጥሬ ለቃሚ ትንሽ ወፍ ግን ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት። ዘመዷ ስትሪኪ ሲድኢተርም ባለ ቅንድብ ናት፤ እሷን የሚያጋልጣት ጀርባዋ ላይ የተሰመረው ጥቁር ጭረት ነው። በቃ፣ መጀመሪያ ቅንድብ፣ ቀጥሎ ጀርባ። ደግሞ አስቡት፣ ብራውን ራምፕዷ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አትገኝም። የውጭ አገር ሰው ገንዘቡን ከስክሶ የሚመጣላት ወፍ እኛ ቤት የወንድሜ ካልሲ ላይ ቁጭ ብላለች።

ባይኖኩላር ለምትጠይቁኝ፣ 8×42 ያዙ፤ 8 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ሁሉም 10 እጥፍ የሚያጎላውን ይመኛል። እሱ ግን የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል፣ የሚያሳያችሁ ስፋትም ይጠባል። በጉም ሰዓት ደግሞ በ8ቱ የተሻለ ብርሃን ይገባል።

ድምፅ ሰምቶ የወፍ ስም የሚናገረውን አፕ ገና ከጅምሩ አትክፈቱት ባይ ነኝ። ስሙን ከስልክ የተቀበለ ሰው ወፏን ማየት ያቆማል። እኔ ራሴ ዝናብ ሲጥል ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እከፍተዋለሁ፤ እሱን ተዉት። ማስታወሻ መያዝም ግድ ነው እላለሁ፣ የኔ ደብተር ግን ግማሹ ባዶ ነው።

አሁን የቀረችኝ የሎው ቢሾፕ የምትባለው ወፍ ናት። ወንዱ በመራቢያ ወቅቱ ጥቁርና ቢጫ ለብሶ ከሩቅ ይታያል። ወቅቱ ሲያልፍ እሱም እንደ ሴቷ ቡናማና ጭረታም ይሆናል፤ ከጅራቱ በላይ ያለችውን ቢጫ ግን አይጥላትም፣ በእሷ እለየዋለሁ። ሴቷን ከሌሎቹ የምትለዩበት ዘዴ ያላችሁ ግን እባካችሁ ወዲህ በሉኝ።