ኦክስጅን፣ ውርጭና የቢ-17 ሠራተኞች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ጣርማ በር ላይ ከፍታው 3,000 ሜትርን ያልፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አገር እየተነሣ ጀርመንን ይደበድብ የነበረው የአሜሪካ ስምንተኛ አየር ኃይል፣ ሠራተኞቹ የኦክስጅን ማስክ እንዲያጠልቁ የሚያዝዘው እዚህችው ከፍታ ላይ፣ 10,000 ጫማ ሲደርሱ ነበር። የመንዝ ሰው በዚህ ከፍታ ያርሳል፣ ይድራል፤ ደሙ ለምዶታል። እነዚያ ልጆች ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ ሜዳ ተነሥተው በጥቂት ሰዓት ውስጥ 7,600 ሜትር ይወጡ ነበር። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ሌላ 3,000 ሜትር እንደ መጨመር ነው። ስለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲወራ ተኩሱ ይገንናል እንጂ የሠራተኛው የቀን ሥራ አብዛኛው መተንፈስና በብርድ አለመመታት ነበር።

ይህ አየር ኃይል ከሚጠቀምባቸው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው ቢ-17 አሥር ሰው ይይዛል፦ አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ ናቪጌተር (መንገድ አመልካች)፣ ቦምብ ጣይ፣ ኢንጂነር (የላይኛውን መትረየስ የሚይዘው እሱ ነው)፣ የራዲዮ ሠራተኛ፣ ከሆዱ ሥር ባለችው ክብ ቤት ውስጥ ተኮራምቶ የሚቀመጥ ተኳሽ፣ ሁለት የጎን ተኳሾችና የጅራት ተኳሽ። እንደ ዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን አየር አይታመቅበትም። በፊተኞቹ ሞዴሎች የጎን ተኳሾች መስኮት ጭራሽ ክፍት ነበር።

በ7,600 ሜትር ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው አእምሮው የሚሠራለት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ክፋቱ አያምም። እንደ ሰከረ ሰው ደስ ደስ ይለዋል፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይወድቃል፤ ራሱ አይነቃበትም። ስለዚህ አንድ ሰው በየአሥር ደቂቃው ገደማ በኢንተርኮም (በአውሮፕላኑ የውስጥ መነጋገሪያ) ሁሉንም በየተራ ይጠራል፤ ያልመለሰ ካለ ቅርቡ ያለው ሄዶ ያየዋል። የሚሄደውም ራሱ ከግድግዳው ቱቦ ስለሚላቀቅ ትንሽ የእጅ የኦክስጅን ሲሊንደር ይይዛል። ሲሊንደሯ የምታቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ በሥራ ላይ ደግሞ ቶሎ ታልቃለች። ጓደኛውን ሊያነሣ ሄዶ እዚያው የሚወድቅ የነበረው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር ትንፋሽ ራሱ ነው። እርጥበቱ ማስኩ ውስጥ ይረጋና አየር ማስገቢያውን ይደፍናል። መድኃኒቱ ማስኩን በየጊዜው በእጅ ጨመቅ አድርጎ በረዶውን መሰባበር ነው። ፂም ያልተላጨ እንደሆነም ማስኩ ፊት ላይ አይገጥምም፣ በጎን ያፈሳል። በየመቀመጫው ያለችው መቆጣጠሪያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትከፈትና የምትዘጋ ምልክት አላት። ምልክቷ ቆመች ማለት አየሩ ቆሟል ማለት ነው።

ምግብም ከዚሁ ይገናኛል። በዚያ ከፍታ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ስለሚሰፋ ባቄላን የመሰለ የሚነፋ ምግብ ከበረራ በፊት አይፈቀድም ነበር። ጾም በገባ ቁጥር ሽሮና ባቄላ ለሚቀርብበት ለእኛ አገር ሰው ይህ ትእዛዝ ቀላል አይሆንም።

ብርዱን ማስላት ይቻላል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ መሬት ላይ 5 ዲግሪ ከሆነ 7,600 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 44 ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ እህል የሚመታበት የደብረ ብርሃን ሌሊት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ባዶ እጁን ብረት ላይ ያሳረፈ ተኳሽ ቆዳውን እዚያው ይተዋል፤ ለዚህ ነበር ከወፍራሙ ጓንት ሥር ስስ ጓንት የሚደረገው። እስከ 1944 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ ከበረራ በውርጭ የወጡት ሰዎች በጠላት ተኩስ ከቆሰሉት ይበልጡ ነበር።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበራቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ግን ጓንቱ፣ ጫማውና ልብሱ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ስለነበሩ አንዲት ሽቦ ስትበጠስ ሁሉም ይቀዘቅዛል። በኋላ የመጣው መስመሩ ስለተነጣጠለ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ከሁሉ የሚብሰው እርጥበት ነው፦ መሬት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ያላበው ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ላቡ ይበርድበታል። ደረቅ ካልሲ መቀየር፣ ልብሱንም መነሻው ሲቃረብ መልበስ ያስፈልጋል። ለመትረየሱም ዘይት ማብዛት አይገባም፤ ዘይቱ ይረጋና መሣሪያው ይነክሳል።

የቆሰለ ሰው ሲኖር እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚታየው ኦክስጅኑ ነው፣ ቀጥሎ ደሙ ይገታል። የሕመም ማስታገሻው የሞርፊን መርፌ ስለሚረጋ በአፍ ወይም በብብት ይሞቃል፤ ሲበዛ ትንፋሽ ስለሚያዳክም በዚያ ከፍታ በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ቁስሉን ለማየት የሚሞቀውን ልብስ መቅደድ ሽቦውን መቁረጥ ስለሆነ ትንሽ ብቻ ይከፈታል፣ ወዲያው በብርድ ልብስ ይሸፈናል።

የአገልግሎቱ ልክ መጀመሪያ 25 በረራ ነበር፣ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ወደ 30፣ ኋላም ወደ 35 ከፍ አለ። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ማስኩ ታጥቦ ይደርቃል፣ የልብሱ ሽቦ ይፈተሻል፣ የምድር ሠራተኞች ሲሊንደሮቹን እንደገና ይሞላሉ። ቅባት የነካው እጅ ግን ወደ ኦክስጅኑ መገጣጠሚያ አይቀርብም፤ ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ በራሳቸው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።