አፌ ታስሮ አባይን ስሻገር

የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ልታደርጉ አስባችሁ ከሆነ፣ በተለይ እንደ እኔ ከጎጃም አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ስለ መመለሻው አስቡ። እኔ ዓመት ከምናምን ስለ ኦፕራሲዮኑ ብቻ ስጨነቅ ከረምኩ። ያሰቃየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ፣ እስካሁን።

የታችኛው መንጋጋዬ ከላይኛው አልፎ ነው ያደግኩት። የፊት ጥርሶቼ አይገናኙም ነበር። እንጀራ በእጅ ተቆርሶ ስለሚበላ ችግሩ ብዙም አይታይም። ግን ልጆች እሳት ዳር ከበው የበቆሎ እሸት ሲግጡ፣ እኔ በጣቴ እየፈለፈልኩ ነበር የምበላው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ጆሮዬ ሥር፣ መንጋጋው የሚታጠፍበት ቦታ ያመኝ ጀመር። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማውራት ነው ሥራዬ። ማታ ማታ አፌን መክፈት እስኪያቅተኝ ድረስ ሲደርስ ወሰንኩ።

ራጅ፣ የጥርስ ልኬት፣ የደም ምርመራ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ችግር አለፉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥርስን ለማሰለፍ ሽቦ ይደረጋል። እኔ 1 ዓመት ከ5 ወር አድርጌዋለሁ። ያማል፣ ይለመዳል።

ቀኑ የካቲት 14፣ 2011 ዓ.ም. ነበር። የላይኛውን መንጋጋ ቆርጠው ወደ ፊት አመጡት። የታችኛውን በግራም በቀኝም ሰንጥቀው ወደ ኋላ ገፉት። ሁለቱንም በቲታኒየም ብረትና በትንንሽ ብሎኖች አሰሯቸው። ሁሉም የሚሠራው በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊቴ ላይ ስፌት የለም። የሠሩልኝን ሰዎች እጃቸውን ይባርክ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ብቻ ቀረ። በረዶ ያዝኩበት። ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ እብጠቱ በየቀኑ እየጎደለ መጣ። እስከዚህ ድረስ ምንም የማማርርበት ነገር የለም።

ነገሩ የተበላሸው አምስተኛው ቀን ላይ ነው። ያኔ ግን አላወቅኩም።

አንድ ወጣት ሐኪም መጣና የላይኛውንና የታችኛውን ሽቦዬን በስድስት ጠንካራ ላስቲኮች አያያዛቸው። አጥንቱ እስኪጠና መንጋጋው ከተቀመጠበት እንዳይሸሽ ነው አለኝ። ጥርሴ ግጥም አለ። እስከ መቼ እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ጠየቅኩት። «እስከ ቀጠሮሽ» አለኝ። ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ሌላ አልጋ ላይ ይጠሩት ስለነበር ወጥቶ ሄደ። በቃ። ላስቲኩ እንዴት እንደሚወልቅ፣ ቢያስመልሰኝ ምን እንደማደርግ፣ አንድም ቃል የለም። ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ አራት መስመር ተጽፏል። ፈሳሽ ምግብ። በጨው ውሃ መጉመጥመጥ። መድኃኒት በሰዓቱ። የሁለት ሳምንት ዕረፍት። ወንድሜ ነርሷን «ደብረ ማርቆስ መሄድ ትችላለች?» ብሎ ጠየቃት። «ቁጭ ብሎ መሄድ አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው» አለችው።

የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። ዘመድ ቤት ነበር ያረፍኩት። የሰው ቤት ከበደኝ። ሁዳዴ የካቲት 25 ሊገባ ነበር፤ ቅበላን ከእናቴ ጋር መሆን ፈለግኩ። መቆየት እችል ነበር። ቸኮልኩ።

የካቲት 23፣ በዘጠነኛው ቀኔ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከወንድሜ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሆዴ ባዶ አይሁን ብዬ ሁለት ኩባያ ወተት በማር ጠጣሁ። በላዩ ላይ የፀረ ተሕዋስ ሽሮፑን ወሰድኩ። ያ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። የፊቴ እብጠት ገና ስላልጠፋ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ።

እስከ ፍቼ ደህና ነበርኩ። ገርበ ጉራቻ ላይ ምራቄ እየበዛ መጣ። ጎሃ ፅዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሆዴ ተገለባበጠ። የአባይን በረሃ የማታውቁት ካላችሁ፣ ወርዶ ወጥቶ ደጀን እስኪደርሱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ ነው። እየወረዱ ሲሄዱ ሙቀቱ ይጨምራል። ወንድሜ መስኮቱን ከፈተልኝ። ከኋላ አንድ አዛውንት «ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል» አሉ። «እህቴ ታማለች አባባ» አላቸው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው እጁን ዘርግቶ ዘጋው። አልፈርድባቸውም። ፊቴን ሸፍኜ ምን ዓይነት ሕመም እንደያዘኝ በምን ይወቁ?

ከዚያ የማቆመው አልሆነም። አፍንጫዬ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በደረቀ ደም እንደተደፈነ ነው። መናፈጥ ደግሞ ክልክል ነው። የላይኛው መንጋጋ ከተሠራ በኋላ ለሳምንታት አይናፈጥም። ስለዚህ የምተነፍሰው በጥርሶቼ መሃል ነበር። ወተቱ ወደ ላይ ሲመጣ መተንፈሻው ሁሉ የተዘጋ መሰለኝ። ቀና አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ቀና ይላል። ጭራሽ ባሰብኝ። የምሞት መሰለኝ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መናገር አልችልም። ወንድሜን በሁለት ጣቴ የመቀስ ምልክት አሳየሁት።

«መቀስ! መቀስ ያለው ሰው!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ፌስታል ይዞ መጣ። ፌስታል ምን ያደርግልኛል? ሹፌሩ «እዚህ ጠመዝማዛ ላይ አላቆምም፣ ከኋላዬ ተሳቢ አለ» አለ። እውነቱን ነው። ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ሴት የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣች። «እንካ ወንድም ዓለም። አይዞሽ እታለም፣ አይዞሽ» እያለች ጀርባዬን ታሸኝ ጀመር። ሉማሜ የምትወርድ ሴት ነበረች። ስሟን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

አውቶቡሱ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ሲቆም ወንድሜ በሚንቀጠቀጥ እጁ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸው። ወተቱ ግን ከዚያ በፊት መውጣት ጀምሮ ነበር፤ በጥርሴ መሃል፣ በአፍንጫዬም። አፌ ሲከፈት የቀረው ወጣ። ተነፈስኩ። ከዚያ ነጠላዬን አየሁት። ግማሹ ደም ነው። የውስጡ ስፌት የተበጠሰ መሰለኝ። ደጀን እስክንደርስ ድረስ አጥንቴ ተፈታ፣ ያ ሁሉ ገንዘብና ስቃይ ውሃ በላው እያልኩ አለቀስኩ።

ደጀን ወርደን ጤና ባለሙያ ጋ ሄድን። የውስጡ ስፌት ደህና ነው። የተቆረጠው የታችኛው ከንፈሬ ነበር። ምላጩ ሰንጥቆታል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ይለጠጣል፣ ይነካካል፤ ስለዚህ ያኔ ከንፈሬ ድንዝዝ ያለ ነበር። ሁለት ስፌት ተሰፋሁ።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ላስቲኬ ተቆርጧል፣ ትርፍ አልሰጡኝም። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ስንደውል የሚያነሳ የለም። በሦስተኛው ቀን ያነሳው ሰው መጀመሪያ ያለው ቃል «ማን ቁረጡ አላችሁ?» ነበር። አሁንም ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ማን አትቁረጡ አለን? ማንስ ሌላ መንገድ አሳየን?

ተመልሼ አባይን ተሻገርኩ። በዚህኛው ጉዞ ሆዴ ባዶ ነበር፣ ከሹፌሩ ጎን ነበርኩ፣ መቀስ በእጄ ይዤ ነበር። እዚያ ስደርስ አንዲት ነርስ መስታወት ሰጠችኝ። ጫፏ የታጠፈ ትንሽ ብረት አምጥታ ላስቲኩን ከሽቦው መንጠቆ ላይ ሳብ፣ ወለቅ አደረገችው። መልሳ ሰካችው። «አሁን አንቺ» አለችኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስድስቱንም ያለ መስታወት ማውለቅ ችዬ ነበር። ለካ ጥርሴን ለማጠብ በቀን ሁለቴ ማውለቅ ይፈቀድልኝ ነበር። አሥር ደቂቃ! ያቺ አሥር ደቂቃ አምስተኛው ቀን ላይ ብትሰጠኝ ምላጭ አልነበረም፣ ደም አልነበረም፣ ወንድሜ እስከ ዛሬ በሕልሙ አይባንንም ነበር። እኔም የሐኪሙን እጅ ይዤ «አሳየኝ» ሳልለው መቅረቴ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ እላችኋለሁ። ላስቲክ ሲታሰርላችሁ አስፈቱት፤ ከዚያ ራሳችሁ አውልቃችሁ፣ ራሳችሁ መልሳችሁ ሳታሳዩ ከአልጋ አትውረዱ። በላስቲክ ሳይሆን በብረት ሽቦ የሚታሰር ሰውም አለ። እሱ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበትና የትኛው እንደሚቆረጥ አስታማሚው ጭምር ይማር። ትርፍ ላስቲክ ጠይቁ። ትንሽ መቀስ በክር አንገታችሁ ላይ ይንጠልጠል። ካስመለሳችሁ ቀና አትበሉ። ወደ ፊት ደፋ በሉ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። የጠጣችሁት ፈሳሽ ስለሆነ በጥርስ መሃል ይወጣል። ይህን ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አልደነግጥም ነበር።

«ቁጭ ብሎ መሄድ ነው» ቢሏችሁ አትስሙ። ቢያንስ የመጀመሪያው ቀጠሮ እስኪያልፍ እዚያው ቆዩ። የሰው ቤት ቢከብድም ይክበድ። የሁለት ሳምንቱ ዕረፍትም ለአስተማሪ አይበቃም። ትምህርት ቤት በሦስተኛው ሳምንት መምጣት አለብሽ ብለውኝ ነበር። ከንፈሩ የማይታዘዘው ሰው አርባ ልጅ ፊት ቆሞ «ፐ» እና «በ»ን እንዴት ይለያል? ሌላ ወረቀት አጽፌ ሁለት ወር ቆየሁ። ትክክል ነበርኩ።

ስለ ምግቡ። ፈሳሽ ምግብ ሲሏችሁ ሾርባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ በአንድ ወር ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። ያዳነችኝ እናቴ ናት። የአጃ አጥሚት በወተት፣ በማርና በትንሽ ቅቤ። በሶ በጥብጣ፣ ግን በጨርቅ አጥልላ፤ የገብሱ ቅንጣት ስፌት ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ፈተና ነው። ተልባም እንዲሁ። ቀጭን ሽሮ። በደንብ ተቀቅሎ የተፈጨ ምስርና ድንች። በየሁለት ሰዓቱ፣ ትንሽ በትንሹ። ሲሪንጅ ስትገዙ ጫፉ ላይ ለስላሳ የላስቲክ ቱቦ የሚሰካለትን ፈልጉ። በጉንጭና በጥርስ መሃል ገብቶ ወደ ኋላ ይደርሳል። ለጥርስ የሕፃናት ብሩሽ፣ ለከንፈር ቫዝሊን።

ጾሙ አሳስቦኝ ነበር። እናቴም በሁዳዴ ወተት ልታቀርብልኝ እጇ አልታዘዝ አላት። የንስሐ አባታችን መጥተው አዩኝ። «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ጠጪና ዳኚ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አንድም ቀን አላመነታችም። ጾም ላይ ወተት ፈላጊ ስለማይኖረው እንደልብ አገኘን።

ጠያቂ ብዙ ነው። ወገኔ ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ ግን አንዱ ቅቤ ቀቢው፣ ሌላው ዳማከሴ ያዢበት ይላል። «ማን መታሽ?» ያሉኝም አሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር። በመስታወት የማየው ፊት የእኔ አይደለም። አልበላም፣ አላወራም፣ አልተኛም። እንዲህ የሚሰማችሁ ከሆነ በቀዶ ሕክምናው መጸጸት ላይሆን ይችላል፤ ረሃብና ድካም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ስበላ ቀለለኝ። ጠዋት ጠዋት ከወንድሜ ጋር ቀስ ብዬ በእግር መሄድ መጀመሬም ረድቶኛል።

ድንዛዜው በሦስት ወር ይጠፋል ብለውኝ ነበር። እኔን አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ማሳከክ፣ ከዚያ እንደ መርፌ መውጋት፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት መጣ። ከአገጬ በስተቀኝ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ቦታ አሁንም ድንዝዝ እንዳለች ናት። ከንፈሬ ላይ ያለችው መስመር የምላጩ ናት።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ማኘክ ፈቀደልኝ። ገንፎ፣ በወጥ የራሰ ፍትፍት። አፌ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም ነበር። በየቀኑ በልምምድ እየተከፈተ መጣ። ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። እናቴ ሌሊቱን ዶሮውን እስኪፈራርስ ቀቀለችው። ጠዋት ድፎ ዳቦው ሲቆረስ ከመሃሉ፣ ለስላሳውን፣ ለእኔ ሰጠችኝ። እንደ ልማዴ በጣቴ ልቆርስ ነበር። ተውኩትና ወደ አፌ አስጠጋሁት። የፊት ጥርሶቼ ዳቦው ላይ ተገናኙ። ወንድሜ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።