የእሑድ ማለዳው ድምፅ

ዛሬ እሑድ ነው። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሻይ ጣድኩና ሬዲዮ ከፈትኩ። ሃያ ዓመት አለፈው፤ ጆሮዬ ግን እሑድ ጠዋት አሁንም ያንን ሰው ይፈልጋል። የአየርላንዱን የሬዲዮ አቅራቢ ኪራን ማክ ማሁናን።

አየርላንድ እንደመጣሁ፣ በምዕራብ በኩል ባለው በክሌር አውራጃ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከምንከባከባቸው መካከል አንዲት እናት ነበሩ። እሑድ እሑድ ፊታቸውን ላጥባቸው ስጠጋ፣ «መጀመሪያ ሬዲዮኑን ክፈቺልኝ» ይሉኛል። የኪራን ፕሮግራም «ሞ ኽዮል ሁ» ይባል ነበር። በአይሪሽ ቋንቋ ቃል በቃል ሲፈታ «ሙዚቃዬ ነህ» ማለት ነው። የሚወዱትን ሰው የሚያቆላምጡበት ነው፤ እኛ «ሆዴ» እንደምንለው።

ያኔ እንግሊዝኛቸው እንኳ በቅጡ አይገባኝም። ድምፁ ግን ገባኝ። ዝግ ያለ ነው፤ አይቸኩልም። የፊድል፣ ማለትም የቫዮሊን ዜማ ያሰማል። ዜማው ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሌላው አይዘልም። የተጫዋቹን ስም የሚጠራው ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሰው ነው።

ስለ እሱ ያነበብኩት በኋላ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1925 ሊምሪክ ተወለደ። አስተማሪ ነበር፤ የቦታ ስሞችን በሚያጠና መሥሪያ ቤትም ሠርቷል። በ1954 የአየርላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ በሆነው ራዲዮ ኤረን ገባ። ሥራው መቅረጫ በጫነ መኪና ገጠር ለገጠር እየዞሩ ሙዚቃ መቅዳት ነበር። የቀዳውን «ክዮልታ ቲሬ»፣ ማለትም «የአገር ዜማዎች» በሚለው ፕሮግራም ያሰማ ነበር።

ያ ዘመን ለአየርላንድ ከባድ ነበር። በ1950ዎቹ ብቻ 400 ሺህ ገደማ ሰው አገሩን ጥሎ ሄዷል። የገጠሩን ሙዚቃ ብዙ ከተሜ የድህነት ምልክት አድርጎ ነበር የሚያየው። እሱ ግን ተጫዋቾቹን ዱብሊን ድረስ አልጠራቸውም፤ ቤታቸው ሄደ። ኪልረሽ በምትባል ከተማ መጠጥ ቤት የነበራቸው ሚስስ ክሮቲ አሉ። ኮንሰርቲና ይጫወታሉ፤ በሁለት እጅ ተይዞ የሚሳብ ትንሽ አኮርዲዮን መሳይ ነገር ነው። እሱ ሲቀዳቸው ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው አገር ሁሉ አወቃቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ስደተኞቹን ሙዚቀኞች ቀድቷል። እኔም ስደተኛ ነኝና ይህ ልቤን ይነካዋል።

እኚያ እናት የሬዲዮው መኪና ሰፈራቸው የመጣ ዕለት ወጣት ነበሩ። አባታቸው ፊድል ይጫወቱ ነበር። ማእድ ቤት ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ማሽኑ ቀጭ ቀጭታውን እንዳይቀዳው የግድግዳውን ሰዓት አቆሙት። ውሻው ወደ ጎረቤት ተወሰደ። ዜማው የሚተላለፍ ዕለት እነሱ ሬዲዮ ስላልነበራቸው ሌላ ቤት ሄደው ሰሙ። አባትየው ግን የራሳቸውን ፊድል እንደሰሙ ተነሥተው ወጡ። ሲፈልጓቸው ከአጥሩ ሥር ቆመው አገኟቸው። «ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» አሉኝ። ሰዓቱንም ማንም መልሶ የሞላው የለም፤ ሳምንት ሙሉ እንደቆመ ቆየ አሉ። ይህንን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

«ሞ ኽዮል ሁ» በ1970 ተጀምሮ በኅዳር 2005 አበቃ። 35 ዓመት የእሑድ ማለዳ ማለት ነው። ኪራን በታኅሣሥ 2009 በ84 ዓመቱ አረፈ።

የመጨረሻው ፕሮግራም ባለፈ በሳምንቱ፣ እንደ ልማዳችን ሬዲዮኑን ከፈትኩላቸው። ሌላ ሰው ነው የሚናገረው። ትንሽ አዳመጡና «ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት። ዝም አሉ። ቆይተው ጣቶቻቸው በአንሶላው ላይ መምታት ጀመሩ። «የአባቴ ነው» አሉኝ። ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆምኩ።