ጃንሆይ የለቀቁት ቤት

ስጦታ ነው ወይስ ሽሽት? ስለ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባሰብኩ ቁጥር ይኼ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ስድስት ኪሎ ስንማር የሰማነው ጃንሆይ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ሰጥተዋል። በታኅሣሥ 1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ግቢ ተመረቀ። ዋናው ሕንፃም በአባታቸው ስም ራስ መኮንን አዳራሽ ተባለ። ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1953፣ እዚሁ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር አለ። ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ። የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ እቴጌ መነን በጠና ታመዋል እየተባሉ ተጠሩ፤ ሲመጡ ተያዙ። ነገሩ መክሸፉ ሲታወቅ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ተደበደቡ።

ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። እኚህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ሸዋ ውስጥ ጣሊያንን እንቅልፍ ሲነሱ የኖሩ አርበኛ ናቸው። በወረራው መጀመሪያ ገነተ ልዑል ውስጥ የሚኖረው የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ነበር። የጣሊያን ጥይት ያልጣላቸው ሰው፣ አገር ነጻ ከወጣ በኋላ፣ ግራዚያኒ በኖረበት ቤት በወገን ጥይት ወደቁ። ይኼን ለማንም ሳወራ እንደ አዲስ ይከነክነኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማን ተመልሶ ይተኛል? ጃንሆይ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነበራቸውና ወደዚያ ሄዱ። የኔ መልስ ሁለቱም ነው፦ ስጦታም፣ ሽሽትም። ስጦታነቱ በዚህ አይቀንስም። አሽጎ መተውም ይቻል ነበር።

ሰሞኑን አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ዛሬ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ላሳያት ወሰድኳት። ሰማንያን ልትደፍን ትንሽ ነው የቀራት፣ ግን ከኔ ይልቅ እሷ ናት ፈጣን። መጀመሪያ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን የሲሚንቶ ደረጃ አሳየኋት። የትም የማያደርስ ደረጃ ነው፤ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ሰማይ ላይ ያበቃል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1915 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ጣሊያን ሲባረር ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ አለቀ። በዚህ ግቢ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ እኔ የምወደው ይኼን ነው። ያሾፈው ማን እንደሆነ ሳይጻፍ ይታወቃል።

አክስቴ ግን ደረጃውን ትታ የካቲት 12ን ጠየቀችኝ። በ1929 ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው እዚሁ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበትም እዚሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ከተማው ታረደ፤ ኢትዮጵያ የሞተው ሰው 30,000 ነው ብላ ከሳለች። ሐውልቱ ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ ነው። ታክሲ ስንጠብቅ እናየዋለን። ምጽዋት ሊቀበሉ የገቡት ድሆች ግን ያለቁት አጥሩ ውስጥ ጭምር ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ሣር የምናውቀው ለፈተና ስናጠናበት ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ዕቃው የተደረደረው በብሔረሰብ አይደለም። የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው፦ ልደት፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ ሞት። ጥሩ አደራደር ነው። ገበሬና ከብት አርቢው በጃንሆይ ቤት ተወልዶ፣ አድጎ፣ ይቀበራል። አክስቴ የቤት ዕቃውን እያየች «ይኼንን እኮ እኔ ጓዳ ጥዬዋለሁ፤ ሰው ከፍሎ ነው የሚያየው?» አለች። አስጎብኚው ሳቀ። ከዚያ የጃንሆይ መኝታ ክፍል ደረስን። መታጠቢያ ቤታቸውን ሳይቀር አየች። ዝም አለች። ቆይታ፣

«አባቴ እኮ ይኼን በር ያውቀዋል» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። የመሬት ክርክር ነበረበት። ማመልከቻ አስጽፎ አዲስ አበባ መጣ። ያኔ አቤት ባይ መንገድ ዳር ቆሞ የጃንሆይን መኪና ይጠብቃል፤ ሲያልፉ እጅ ነሥቶ ወረቀቱን ይዘረጋል። እሱም ቆመ። ብርዱ ሳንባውን መታው። ወረቀቱን አንድ ባለሥልጣን ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ መልስ የሚባል ነገር አልመጣም።

ቤት ስንገባ የተማሪዎቹን ታሪክ አጫወትኳት። ጃንሆይ በሰጡት ግቢ የተማሩት ልጆች በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ ጓደኞቹ አስከሬኑን ግቢ አስገቡት። ክብር ዘበኛ ተከትሎ ገባና ተኮሰ። በ1953 ጃንሆይ ላይ ያመፀው ክብር ዘበኛ፣ አሁን ደግሞ ለጃንሆይ ብሎ። አምስት ዓመት ቆይቶ ዙፋኑ ወደቀ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ።

«አባቴ ግን አልደረሰበትም» አለች። የሚገርመው ተማሪዎቹን አላወደሰችም፣ ጃንሆይንም አልወቀሰችም። የያዛት ሌላ ነገር ነበር።

«እዚያ ቤት የድሮ ወረቀት ይቀመጣል አላልክም?»

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ማለቷ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት መጀመሪያ የመሩት ተቋም፣ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ያለው። ብራናም አለ፣ ደብዳቤም አለ አልኳት። የአንድ ገበሬ ማመልከቻ እዚያ መግባቱን እጠራጠራለሁ። የጃንሆይን ደብዳቤ ይይዝ የነበረው የጽሕፈት ሚኒስቴር መዝገብ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም። የአባቷን ስም እስከ አያት፣ ወረዳውንና የባላጋራውን ስም አጽፋኛለች። ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።