ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ የሄደው ባጃጅ

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ፈተና ታርሞ በተመለሰ ማግስት፣ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ ሰባተኛው ጥያቄ ይታይልኝ።»

ጥያቄው፦ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ሜዳማ አስፋልት ላይ ፍሬን ያዘ፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ ከቀነሰ፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ይሄዳል?

የመልስ ቁልፉ 8 ሜትር ይላል። እሷ 12.5 ብላለች። መምህሩ ኤክስ ያደረገባት «ጊዜውን አልተጠቀመችም» ብሎ ነው። እውነትም አልተጠቀመችም፤ የመጨረሻውን ፍጥነት ዜሮ አድርጋ የመነሻ ፍጥነቱን (10 ሜትር በሰከንድ) ስኩዌር፣ 100ን፣ ለመቀነሻው እጥፍ፣ ለ8፣ አካፈለችና ጨረሰች።

ቁልፉ የተሠራው በለመደ እጅ ነው። 36 ለ3.6 ሲካፈል 10 ሜትር በሰከንድ፤ 10 በ4 ሲባዛ 40፤ ከዚያ ላይ የመቀነሻው 4 እና የጊዜው ስኩዌር 16 ብዜት ግማሽ፣ 32 ሲቀነስ 8። 36ን ሳይቀይሩ ያስገቡ ልጆች 112 ሜትር አግኝተዋል፤ ያኛው ስህተት ገና ሲታይ ያስታውቃል። 8 ግን ማንንም አያስደነግጥም።

አንዱ መምህር በ4ኛው ሰከንድ ላይ ያለውን ፍጥነት አሰላ፦ 10 ሲቀነስ 4 በ4 (16)፣ ኔጌቲቭ 6። ፍሬን የያዘ ባጃጅ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ እየሮጠ ነው! የፍጥነትና የጊዜ ግራፉ ሲሳል ነገሩ ቁልጭ አለ። ባጃጁ በ2.5 ሰከንድ ቆሟል፤ ከዜሮ መስመሩ በላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ስፋት የተሄደው ርቀት ነው፤ 12.5 ሜትር። ቀመሩ ለቀረው 1.5 ሰከንድ 4.5 ሜትር ወደ ኋላ መልሶት ነው 8 የመጣው።

ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ቢሆን መመለሱ ትክክል ነው፤ ጫፍ ላይ ሲደርስም ስበት መጎተቱን አያቆምም። ፍሬን ግን ጎማው ሲቆም ሥራው ያበቃል፤ ኔጌቲቭ 4 የሚባል አክስለሬሽን (በየሰከንዱ የሚመጣ የፍጥነት ለውጥ) ከዚያ በኋላ የለም። ስለዚህ የፍሬን ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ መነሻ ፍጥነቱ ለመቀነሻው ይካፈል፤ የተሰጠው ጊዜ ከዚያ ከበለጠ፣ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው መቆሚያው ጊዜ ነው።

ቁልፉ ተስተካክሎ ወረቀቱ እንደገና ታረመ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ 8 የጻፉት በሩ ላይ ተሰለፉ።