ቡና ሚዛን ላይ የወጣው ቸርኬ

ጅማ ውስጥ ቶርኖ ቤት መሥራት ማለት የከተማው ጣጣ ሁሉ ደጃፍህ ላይ ይራገፋል ማለት ነው። የቡና መፈልፈያ ዘንግ፣ የወፍጮ ፑሊ፣ የአይሱዙ ቦኮላ፣ የባጃጅ ሞዞ። የስፖርት መኪና ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ያቺ ነጭ ቶዮታ ሴሊካ ግቢ ስትገባ ሁሉም ማሽኑን አጥፍቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

ባለቤቷ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ መኪናው ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አዲስ ቸርኬ አስገብቷል። ባለ 17 ኢንች፣ ነሐስ ቀለም፣ ስድስት ክንድ ያለው። የሸጠለት ሰው "የውድድር ቸርኬ ነው፤ በአንድ እጅህ ታነሳዋለህ" ብሎታል።

"ጋሼ፣ ከ80 ስታልፍ መሪዋ እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። ጎሚስታው ባላንስ ሠርቶ ሠርቶ ሰለቸው። ማሽኑ ዜሮ ነው የሚለው።"

አለቃዬ ጋሼ መልስ አልሰጡትም። "ክሪክ አምጣ" አሉኝ። የፊት ግራውን ፈታሁት። መለኪያ ካሊፐሩን ተቀብለው መጀመሪያ ሞዞውን፣ ቸርኬው መሐሉን የሚይዝበትን እምብርት፣ ለኩ፤ 54.1 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የቸርኬውን የመሐል ቀዳዳ፤ 73.1። ንባቡን ለልጁ አሳዩትና "ታዲያ ይኼ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣ ቸርኬ የመሐል ቀዳዳው ከሞዞው ጋር ልክክ ይላል። መሐሉን የሚያስጠብቀውም ይኼው ነው። ለገበያ ተብለው የሚሠሩት ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ቀዳዳቸው ሰፋ ተደርጎ ይወጣል። 73.1 በብዛት የሚታይ ልክ ነው። የቡሎን ቀዳዳውም አሥር ነበር፤ አምስቱ በ100፣ አምስቱ በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ። ሴሊካ 5 በ100 ስለሆነች እሱ ገጥሟል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ግን ማንም አላስገባም። ባላንስ ማሽኑ ላይ ቸርኬው በኮን ስለሚታሰር መሐሉን አይስትም። መኪናው ላይ ሲታሰር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ማሽኑም እውነቱን ነው፣ ልጁም እውነቱን ነው።

ቀለበት መቁረጥ ለእኛ ሥራ አይባልም። የአሉሚኒየም ዘንግ አስሬ ማሽኑን ላስነሳ ስል ጋሼ አስቆሙኝ። ዳዶዎቹን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ነበር።

ዳዶዎቹ የድሮው የቶዮታ ቸርኬ ናቸው፤ ጠፍጣፋ ዋሸር ያላቸው። የአዲሱ ቸርኬ የዳዶ መቀመጫ ደግሞ ሾጣጣ ነው። ጠፍጣፋ ዋሸር ሾጣጣ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው። ሲታሰር ጥብቅ ይላል፤ ሲነዳ ቀስ እያለ ይላላል። ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ነሐሱ ቀለም ተፍቆ ቀጭን ብርማ ክብ ወጥቷል። ጋሼ ክቡን በጥፍራቸው ነካ አደረጉና "መንዘፍዘፉ እኮ ባለውለታህ ነው" አሉት። "ባይንዘፈዘፍ ኖሮ እዚህ አትመጣም ነበር። በዚህ ዳዶ ወደ አጋሮ ልትወጣ ነበር አይደል?"

ልጁ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ግን አልጨረሱም። "ለመሆኑ ቀላል ነው ያለህ ማን ነው? መዝነኸዋል?"

ጎረቤታችን የቡና መጋዘን ነው። ልጁ አንዱን የድሮ ቸርኬ ከቤት በባጃጅ አስመጣ። ጥበቃው ጆንያውን ገፋ አድርጎ ሚዛኑን ለቀቀልን። የድሮው ባለ 15፣ ከነጎማው፣ 16 ኪሎ ገደማ። አዲሱ ከነጎማው 20 ሊሞላ ጥቂት ግራም ቢቀረው ነው።

"ሚዛኑ የቡና ነው፤ ለቸርኬ አይሆንም" አለ ልጁ።

ጥበቃው ቱግ አለ። "የአባትህስ ቡና በምን የሚመዘን መሰለህ?"

ሳቃችን ሳያበቃ ልጁ አዲስ ሐሳብ አመጣ። "እንግዲያው ጋሼ፣ ቶርኖ ላይ ጣሉትና ከኋላ በኩል ትንሽ ላጩልኝ። አራት ኪሎ ማውጣት ያቅታችኋል?"

አያቅተንም። ጋሼ ግን ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ነው። ቸርኬውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩት። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ፊቱ ሻካራ። እንዲህ ያለው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ አያጣም። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከውፍረቱ ነው። ቀላሎቹ የውድድር ቸርኬዎች ግን በከባድ መጭመቂያ ማሽን ተጨፍልቀው የተሠሩ ናቸው፤ ብረቱ ስለሚጠቀጠቅ ቀጭን ሆኖም ይችላል። "የተቀጠቀጠ ማረሻ ድንጋይ ሲመታ ይጎብጣል። የፈሰሰ ብረት ድስት ሲወድቅ ይሰነጠቃል። አንተ የምትለኝ ድስቱን አሳሳልኝ ነው።"

የቸርኬውን መልክ እኔም አውቀዋለሁ። ሬይስ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1996 ካወጣው ቲ ኢ 37 የተቀዳ ነው። 37 የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ባለ 15 ኢንቹ ያለ ጎማ 3.7 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን ነው። ስሙ ራሱ ኪሎው ነው! የልጁ ቸርኬ መልኩን ወስዶ ኪሎውን ትቶታል። የጃፓኑ የጥራት ምልክት፣ ጄ ደብልዩ ኤል የሚባለው፣ ከኋላው ተጽፏል። ምልክት ግን ማንም ሊቀርጸው ይችላል። አንድ ቸርኬ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የሚናገረው ቁጥር ፈጽሞ አልነበረም። እኔ ብሆን እሱን ሳላይ ገንዘብ አላወጣም።

እውነት ለመናገር የቀላል ቸርኬ ነገር ሲወራ ይጋነናል። ክብደቱ የሚሽከረከር ስለሆነ፣ ጠርዙ ላይ ያለው አንድ ኪሎ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ሁለት ሊሆን ምንም አይቀረው። ቢሆንም ሰዓት ይዘህ ብትለካው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ በደንብ የሚታወቀው ጎርባጣ መንገድ ላይ ነው። ከሞላ በታች ያለው ክብደት ሲያንስ ጎማው መንገዱን አይለቅም፤ አሞርዛተሩም አይሠቃይም። ልጁ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ በአራቱ ጎማ 16 ኪሎ ጨምሯል። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ በአየር እጥረት ቀድሞም ትንፋሽ ያንሰዋል።

ጎማውም አለ። የድሮው 195/60 ባለ 15 ነው፤ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ ማለት ነው። አዲሱ 205/45 ባለ 17። ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይሳሳትም። የጎማው ጎን ግን ከ117 ወደ 92 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ክረምት ላይ ውኃ የሞላውን ጉድጓድ ስታገኝ ቸርኬህን የሚያድነው ያ ጎን ነው። እዚህ አገር ባለ 15 ቸርኬን መናቅ አይገባኝም።

ቀለበቶቹን ቆረጥኩ፤ ሾጣጣ ዳዶም ተገኘ። ስናስገባለት መንዘፍዘፉ ጠፋ። ልጁ ግን በዚያው ሳምንት የድሮዎቹን መለሰ።

ከጊዜ በኋላ ደወለልኝ። ዱባይ ባለ 15፣ ተጨፍልቆ የተሠራ ቸርኬ አግኝቷል፤ ምን ልጠይቅ አለኝ። ኪሎውን፣ የመሐል ቀዳዳውን፣ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ የመሸከም አቅሙን፣ አልኩት። የጀርባውንም ፎቶ። ሻጩ የላከለት ሁሉ ከፊት የተነሳ ነው። ደግሞ ቢጠይቀው ዝም አለው። ልጁም ተወውና በገንዘቡ ለድሮዎቹ ቸርኬዎች ደህና ጎማ ገዛ።

ነሐስማዎቹ ከነቀለበታቸውና ከነዳዶአቸው ለሽያጭ ቀርበዋል። ገዥ ሲመጣ ልጁ አስቀድሞ ኪሎአቸውን ይናገራል። እስካሁን አልተሸጡም።